ደሴ ላይ የማታ እንግሊዝኛ ለሚፈልግ

ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ስላለው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልጻፈው። በወር 600 ብር ነው። እኔ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የፈለግኩት ሰዋስው አልነበረም፤ ፈረንጅ ሲያወራ የሚያመልጠኝን ነገር ነው።

ለእሱ አሪፍ ናቸው። አስተማሪው ፈሊጥ ላይ አይቸኩልም። አንድ ምሽት ሙሉ «አንደር ዘ ዌዘር» ላይ ቆየን። ቃል በቃል «ከአየሩ በታች» ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድብን እኛማ ሁላችንም ከአየሩ በታች ነን! ትርጉሙ ግን ቀላል ሕመም ነው፤ ጉንፋን፣ ድካም፣ አንዳንዴም የመጠጥ ማግስት። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «ዛሬ ደስ አላለኝም» ብሎ ጻፈ። ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት እናት «አብሽር ልጄ፣ አሁን ገባን» አሉት። «እትዬ፣ ግን ለፈረንጅ ‘አይ አም ኖት ሃፒ’ እንዳይሉት» አላቸው። «ማን አስከፋቸው ብሎ ይጨነቃል።»

አጠቃቀሙን ደግሞ በደንብ አሳየን። ብዙ ጊዜ «አይ ፊል ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር» ተብሎ ነው የሚነገረው። ለአለቃ መልእክት ይሆናል። ኦፕራሲዮን ሆኖ ለተኛ ዘመድ ግን አይባልም፤ በሕመሙ መቀለድ ይመስላል። ለእኔ ሥራ ይቺ ልዩነት ትልቅ ነገር ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በገባ ማግስት ራሱን የሚያመው እንግዳ አይጠፋም። እንዲህ ሲለኝ የዝንጅብል ሻይ አስመጣለታለሁ እንጂ ሐኪም ልጥራ ብዬ አላስደነግጠውም።

ጥራዛቸው ግን አልተመቸኝም። ግማሹ ያረጀ ነው። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን (ዶፍ ዝናብ እየጣለ ነው ለማለት ነው) ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው እምብዛም አይሉትም፤ እዚያ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጧል። «አንደር ዘ ዌዘር» ከመርከበኞች የመጣ ነው የሚለውንም እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ይተርከዋል። ሲባል የሚሰማ ወሬ ነው እንጂ።

ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ይበተናል። ያመለጠው ቀን አይካካስም፤ ክፍያው ግን ያው ነው። ይሄ ያናድዳል።

ፊደል ከመቁጠር ለሚጀምር ሰው አይሆንም፤ ትንሽ መግባባት ለሚችል ግን ያዋጣል። ጥራዙን 150 ብር አውጥታችሁ አትግዙ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ገልብጡ፣ ይበቃል። ጋቢም ያዙ፤ መስኮቱ አይዘጋም።