ለዓሣ ማጥመድ ጉዞ ቀብድ ልትከፍሉ ከሆነ ይቺን አንብቡ

ብሔራዊ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ «የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ወደ ላንጋኖ፤ ጀልባ ከነሞተሩ፣ ሙሉ የማጥመጃ ዕቃ፣ አስጎብኚ፣ ምሳ» እያለ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ ቀብድ እንዳትሰጡት። እኛን ዛሬ ከሰዓት በኋላ 24,000 ብራችንን ይዞ፣ ሙድ ይዞብን፣ በሩን አሳይቶናል። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ቃላቴ አንዳንድ ቦታ ከረር ቢል ቻሉት።

ስሙን አልጠራም። አንደኛ ነገር፣ ስም አጠፋህ ብሎ ይከሰኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሕግ ትዝ የሚለው ያኔ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ያንኑ ፎቶ በሚቀጥለው ወር በሌላ ስም ታገኙታላችሁ። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። አንድ ክፍል ቢሮ። ግድግዳው ላይ የላሊበላና የኤርታሌ ፖስተር። የመስታወት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ «ወንድሜ ቦታው እያለቀ ነው» የምትል ልጅ። ቀብድ እስክትከፍሉ ድረስ ጠዋት ማታ ይደውሉላችኋል። ከከፈላችሁ በኋላ ደዋዮቹ እናንተ ናችሁ።

ለምን ዓሣ ማጥመድ እንዳማረን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ «ዓሣ ካማራችሁ አትገዙም?» ትላላችሁ። ሰውዬውም ያለን ይህንኑ ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስኖር አራት ሆነን ባስ እናጠምድ ነበር። ፖቶማክ ወንዝ ላይ። ባስ እዚያው ሰሜን አሜሪካ የሚገኝ ዓሣ ነው፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያለው፣ አፉ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ሰፊ። ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል። የፕላስቲክ ትል መንጠቆ ላይ ትሰካላችሁ፣ ሣሩ እንዳይዘው የመንጠቆውን ጫፍ መልሳችሁ ትሉ ውስጥ ትደብቃላችሁ። ቴክሳስ ሪግ ይሉታል። ከዚያ ወርውሮ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ጣታችሁን ክሩ ላይ ካደረጋችሁ፣ ሲነካው ከሥር «ጧ» የሚል ነገር ይሰማችኋል። በዚያች ቅጽበት የቤት ኪራይም፣ አለቃም፣ የላኩት ገንዘብ ደረሰ አልደረሰም ማለትም ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

አንዳችን ታክሲ እንነዳለን፣ አንዳችን ሆስፒታል ሌሊት እንሠራለን፣ ሁለታችን ፓርኪንግ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ከሥራ ወጥተን ቡና በፔርሙስ ይዘን ወንዙ ዳር ነን። ደግሞ እዚያ ዝም ብሎ ማጥመድ የለም። ፈቃድ ታወጣላችሁ። በቀን ከ5 ባስ በላይ መውሰድ አይቻልም። ከማርች እስከ ጁን አጋማሽ ደግሞ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ ከ15 ኢንች ያነሰውን መመለስ ግዴታ ነው። እኛማ ትልቁንም ብዙ ጊዜ እንለቀው ነበር። እናቴ በስልክ «ዛሬስ ምን ያዝክ?» ትለኛለች። «ይዘን ለቀቅነው» ስላት ዝም ትላለች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ልጄ አእምሮው ተነካ ብላ ጸበል ልታመጣልኝ ሰው ስታማክር ነበር።

እኔ ተጠቅልዬ ገባሁ። ጓደኞቼ ዘንድሮ ለጥምቀት መጡ። አንደኛው ፒያሳን አይቶ፣ አራት ኪሎን አይቶ፣ የሚያውቀውን ቤት ሁሉ ፈልጎ ካጣ በኋላ «እንግዲህ ውሃው እንኳ ካለ እንሂድ» አለ። ባስ እንደማናገኝ እናውቃለን። ላንጋኖ ቆሮሶና አምባዛ ነው ያለው። እውነተኛ ትግል የሚፈልግ ሰው ናይል ፐርች ፍለጋ እስከ ጫሞ መውረድ አለበት፣ ትራውት ያማረው ደግሞ ባሌ። እኛ የፈለግነው ቅርቡን ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጀልባ ላይ አራት ሆኖ ቁጭ ብሎ እንደ ድሮው መዘላበድ።

ዘንግና ሪል (ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የክር ማጠንጠኛ) አላመጡም። ማን ያመጣል? ሁለት ሁለቱ ሻንጣ የሰው አደራ ነው፤ የእገሊት ጫማ፣ የእገሌ መድኃኒት፣ የማይታወቅ ሰው ላፕቶፕ። «ሙሉ የማጥመጃ ዕቃ» የምትለዋ መስመር የያዘችን ለዚህ ነው።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ሰውዬ ዓሣ ይዞ የሚስቅበት ፎቶ አለ። አራታችንም ስናየው ሳቅን። ባስ ነው! ጎኑ ላይ ያለችው መስመር፣ አፉ፣ ሁሉ ነገሩ። ደውዬ ልጅቷን «እህቴ፣ ይሄ ዓሣ ላንጋኖ የተያዘ ነው?» አልኳት። «አዎ።» «ይሄኮ ባስ ነው።» «ወንድሜ እንግዲህ ስሙን አላውቅም፤ ግን ትልቅ ነው።» ፎቶ ከኢንተርኔት የማይቅም ነጋዴ የለም ብለን አለፍነው። ዋናው ነገር ዕቃውና ጀልባው ነው። እሱን በድምፅ መልእክት አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ጀልባ ከነሞተሩ፣ አራት ዘንግ ከነሪሉ፣ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ምሳ፣ መኪና። በሰው 12,000 ብር። ግማሹ ቀብድ። ላክን። ደረሰኙን «ቢሮ ስትመጡ» ተባለ።

ዛሬ ቀሪውን ልንከፍል ሄድን። ሊፍቱ አይሠራም፤ በደረጃ ወጣን። ልጅቷ ደረሰኝ ጻፈችልን። ቀሪውን ከመክፈሌ በፊት «ዕቃውን እንይ» አልኩ። ተራ ጥያቄ ነው። የሰው ዘንግ ይዞ የሚሄድ አጥማጅ ሁሉ መጀመሪያ ሪሉን ያዞራል፣ ክሩን ይስባል። አለቅየው ከስልኩ ቀና ሳይል በአገጩ ወደ ቁም ሳጥኑ አመለከታት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ፌስታል አወጣች።

ፌስታል!

ውስጡ ሁለት ዘንግ አለ። አራት አይደለም፣ ሁለት። እንደ አንቴና የሚመዘዝ ዓይነት፣ የልጅ መጫወቻ። አንደኛው ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት ተሰብራ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልላለች። በሐሰት አልናገርም፣ የቁስል ፕላስተር ነው፤ ያ ቡናማው። ሪሉን አዞርኩት። ውስጡ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስል ይንገጫገጫል። ክሩን የምትጠቀልለው ሽቦ አትዘጋም፤ በእጅ ስትዘጋት ተመልሳ ትከፈታለች። ክሩ ከመቆየት ብዛት ቢጫ ሆኗል። በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ አደረግኩት፤ ተበጠሰ። አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቼ እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ተበጠሰ። ቆሮሶ ይቅርና የረጠበ ቅጠል አያወጣም። ሌሎቹ ሁለት «ዘንጎች» የተባሉት የውሃ ፕላስቲክ ላይ የተጠቀለለ ክር ከነመንጠቆው ናቸው። በእሱ መንቀፌ አይደለም። ሐይቅ ዳር ያሉ ልጆች በዚያች ክር ከእኛ የተሻለ ያጠምዳሉ። ግን ልጆቹ በሰው 12,000 ብር አልተጠየቁም።

«ጀልባውስ?» አልኩት።

«ጀልባ እዚያው ትከራያላችሁ። ሪዞርቶቹ አላቸው።»

«ዋጋው ውስጥ ነው አላላችሁም እንዴ?»

«ይመቻቻል ነው ያልነው።»

የድምፅ መልእክቱን ከፈትኩት። ድምፁን ከፍ አደረግኩ። የልጅቷ ድምፅ ቢሮውን ሞላው፤ «ጀልባ ከነሞተሩ፣ ሁሉም ዋጋው ውስጥ ነው ወንድሜ፣ ምንም አታስቡ።» ልጅቷ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሷ አዲስ ነች።» አጠገቡ ቁጭ ብላ! ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና ያቺን አባባል አመጣት። «ዓሣ ነው አይደል የፈለጋችሁት? መንገድ ላይ ዝዋይ ቁሙና ጥብሱን ብሉ። ምን ያደክማችኋል?» በሩ ጋ የቆመው ልጅ ሳቀ። እሱም በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሻዩን አንስቶ ፉት አለ።

ጓደኛዬ፣ ከአራታችን ዝምተኛው፣ «በቃ ገንዘባችንን መልስልን» አለው። ረጋ ብሎ ነው ያለው። አለቅየው ጣቱን ደረሰኙ ላይ አሳረፈ። ዝርዝር የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው «የጉዞ አገልግሎት» ብቻ ነው። ጀልባ የሚል የለም፣ ዘንግ የሚል የለም፣ ዓሣ የምትል ፊደል እንኳ የለችም። ታች በደቃቅ ጽሑፍ «ቅድመ ክፍያ አይመለስም» ይላል። ልብ በሉ፤ ገንዘቡን ከተቀበለን ሳምንት አልፏል፤ አይመለስም የምትለዋን ወረቀት የሰጠን ግን አሁን፣ ዕቃውን ከማየታችን ከደቂቃዎች በፊት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1885፣ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል፤ በውሉ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር። ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ዳያስፖራ ስትሆኑ ሕግ ይበዛባችኋል።»

«እኔ ዳያስፖራ አይደለሁም፤ የካሳንቺስ ልጅ ነኝ» አልኩት።

«ካሳንቺስማ ፈርሷል» አለኝ።

ይቺ ናት ያቃጠለችኝ። ከገንዘቡ በላይ። ያደግኩበት ሰፈር ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ፤ የት እንደደረሱ የማላውቃቸው ጎረቤቶች አሉኝ። ይሄ ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ብሬን ኪሱ ከቶ፣ በእሷ ይቀልድብኛል። መልስ አልሰጠሁትም። ብሰጠው ጉዳዩ ዓሣ መሆኑ ይቀር ነበር። ልጅቷ ስንወጣ ቀስ ብላ «ይቅርታ» አለች። ለእሷ ምንም አልያዝኩባትም፤ እንጀራ ነው።

ታች ወርደን ማኪያቶ ጠጣን። አንዱ ጓደኛዬ ቢጫውን ክር ቁራጭ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ነበር የወጣው፤ ሳያውቀው። «24,000 ብር የተከፈለበት ክር» እያለ ለአስተናጋጇ ያሳያታል። ሳቅን፤ ግን የሚያስቅ ሆኖ አይደለም። ቅዳሜ በራሳችን መኪና እንሄዳለን። ሪዞርት ደውለን ጀልባውን ራሳችን አስይዘናል፤ ዋጋውን ስንሰማ ሰውዬው ምን ያህል ሊያተርፍብን እንደነበር ገባን። ዘንግ ከአንድ እዚሁ ከሚኖር የውጭ ዜጋ ተውሰናል።

ምክር ካላችሁኝ፣ ዕቃውን ሳታዩ ብር አትላኩ። የተስማማችሁበትን ነገር ሁሉ፣ ጀልባውን፣ የዘንጉን ብዛት፣ ነዳጁን፣ በደረሰኙ ላይ በስሙ አስጽፉ። የድምፅ መልእክት አታጥፉ። አሳሳች ማስታወቂያ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ የባሱን ፎቶ ስክሪንሾት አድርጌ ይዣለሁ።

ሰኞ ጠዋት ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገባለሁ። ዓሣ ይዞ የሚስቀውን ሰውዬ ፎቶ አይታችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት «እናየዋለን» ነው የሚባለው፤ አሥር ሆነን ብንገባ ሌላ ነገር ነው።