ግራጫው ሳሎኔ ከ9 ወር በኋላ

ሐምሌ ላይ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሳሎን ተቀመጠች። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቤት ፊቱን ያጠቆረው ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው። ለብርድ አዲስ አይደለችም። የከበዳት ቀለሙ ነው።

ሳሎኑን ያስቀባሁት ጥር ላይ ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ 3.5 በ4.5 ሜትር። ስቱኮው ቀድሞ ስላለቀ ሥራው ቀላል ነበር። ባለ 4 ሊትር ሁለት ጋሎን ፕላስቲክ ቀለም ለሁለት እጅ በቃ፣ ትንሽም ተረፈ። የማማርጠው ሦስት ቀለም ነበር፦ ክሬም፣ ፈዛዛ አረንጓዴና ፈዛዛ ግራጫ። ክሬም ያደግኩበት ቤት ቀለም ስለሆነ ሰልችቶኛል። አረንጓዴው ጤና ጣቢያ መሰለኝ። ግራጫው ግን በስልኬ እያየሁ የምመኛቸው ቤቶች ሁሉ የተቀቡት ነው። ሻጩም "እህቴ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚወስደው ይሄን ነው" አለኝ። ናሙናውን ይዤ ሱቁ በር ላይ ወጣሁና የጥር ፀሐይ ላይ አየሁት። ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ አመድማ ግራጫ። ወደድኩትና ከፈልኩ።

ስህተቱ የተሠራው እዚያው በር ላይ ነው።

የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። ቀቢው "ሁለተኛ እጅ ሲገባ ይስተካከላል" አለኝ። ሁለተኛው ገባ፣ ባሰበት። ነጩ በር አጠገብ ቆሜ ሳየው ጭራሽ ግራጫ የሚባል ነገር የለበትም። ዩኒፎርም ታጥቦ ታጥቦ ሲለቅ የሚያመጣው ዓይነት ሰማያዊ ነው። "ይለመዳል" አልኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ለመልመድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሳሎኔ መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። ስለዚህ ጥር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እኔ ሳሎን አንዲት ጨረር አትገባም። የሚገባው የሰማዩ ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ግራጫ የራሱ የሆነ ጠንካራ ቀለም ስለሌለው የሰጡትን ይቀበላል። በዚያ ላይ የኔው ግራጫ ነጭ ላይ ጥቁር ብቻ ጠብ ተደርጎበት የተበጠበጠ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ግራጫ ከመነሻውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። አራቱ ግድግዳዎች ደግሞ እርስ በርስ ሲተያዩ አንዱ የሌላውን ያጠነክራል። ትንሿ ናሙና ላይ ያልታየው ነገር ክፍሉ ሙሉ ሲቀባ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ታርቄው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ብጣሽ ፀሐይ በመስኮቱ ጥግ ትገባና ቴሌቪዥኑ ጎን ያለውን ግድግዳ ትነካዋለች። ያኔ ሱቁ በር ላይ ያየሁት ግራጫ ብቅ ይላል። ቡናዬን ይዤ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ሰኔ ገባ፣ ደመናው ወረደ፣ እሷም ቀረች። ለሰሜን መስኮት ፀሐይ የምትደርሰው ክረምቱ በሚሸፍናት ወራት መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ሐምሌና ነሐሴ ከቀኑ 9 ሰዓት መብራት አብርተን ነው የተቀመጥነው።

አምፖሉንም ቀይሬያለሁ። የነበረው ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ አምፖል ነው፤ እሱ ሰማያዊውን ያባብሰዋል። 3000 የሚለውን፣ ቢጫውን፣ ስገዛ ማታ ማታ ሳሎኑ ሌላ ቤት ሆነ። ይሄን አልክድም፣ ማታ ደስ ይላል። እኔ ግን ቀንም እዚህ ቤት ነው የምውለው።

ሻጩ ይሄን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። "እህቴ፣ ቀለሙ ምን አደረገ፣ ቤትሽ ነው ጨለማ" ይለኛል። ታዲያ ስትሸጥልኝ መስኮትሽ ወዴት ይዞራል ብለህ ጠይቀኸኛል? ሰው ሁሉ ይወስደዋል አልከኝ እንጂ ሰው ሁሉ የት እንደሚኖር አልነገርከኝም። አንድ ሊትር ብቻ ሽጥልኝና ግድግዳው ላይ ልሞክረው ስልህም "ጋሎን አንከፍትም" ነው ያልከኝ። ስፌት ቤት እንኳ ሳይለካ ልብስ አይሰፋም።

ቀለሙ ራሱ እንከን አይወጣለትም። አልተላጠም፣ አልሰነጠቀም፣ የልጄ የእጅ አሻራም በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልምጣ። መስኮት የለውም። ከየክፍሉ በር በሚወጣው ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ገንዘብ አላወጣበትም ብዬ የናቅኩትን ክሬም አንድ ጋሎን ገዝቼ ነበር ያስቀባሁት። ክሬሙ ውስጥ ትንሽ ቢጫና ትንሽ ቀይ አለ፤ ያቺን ደካማ ብርሃን ተቀብሎ ሞቅ አድርጎ ይመልሳታል። እናቴ ሐምሌ ላይ በመጣችበት ሰሞን ቡና ስታፈላ ረከቦቱን ሳሎን አቅርቤላት ነበር። ምንም ሳትለኝ በርጩማዋንና ከሰሉን ይዛ ኮሪደሩ አፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ስኒ እዚያው ጠጣን። ጎረቤት የመጡትም በዚያው ከበቡን። ባለ ሦፋው ሳሎን ባዶውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው በወጉ ማወዳደር የጀመርኩት። የፍሪጅ ካርቶን ቀድጄ ሦስት ትልልቅ ቁራጭ አወጣሁ። አንዱን በተረፈው ክሬም፣ አንዱን ጎረቤቴ በሰጠችኝ ቡና በወተት በሚመስል ቀለም ቀባሁ። ለሦስተኛው ቀቢው ከተረፈው ግራጫ ላይ ቢጫ ማቅለሚያ ጠብ አደረገበት። ጠዋት፣ 9 ሰዓትና ማታ፣ በየግድግዳው እያስደገፍኩ ሁለት ሳምንት አየኋቸው። ግራጫው ቀን ቀን ተሻለ፣ ማታ ግን አረንጓዴ አረንጓዴ አለ። ቢጫ ከጥቁር ጋር ሲገናኝ ወደዚያ ይሄዳል፤ ቀቢው "ቀይም ይፈልጋል" አለኝ። ቡና በወተቱ በሩ አካባቢ ያምራል፣ ጥግ ላይ ሲሆን ይጨልማል። ክሬሙ በሦስቱም ሰዓት ያው ክሬም ነው።

ግራጫውን በመግዛቴ ይቆጨኛል። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ተከፍቼ መክረሜ ነው። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ይቀባው፣ ያምርለታል። መስኮቱ ወደ ሰሜን ለሆነ ሰው ግን አልመክርም፣ ወንድሜም ቢሆን።

ሁለት ጋሎን ክሬም ገዝቼ በረንዳ ላይ አስቀምጫለሁ። ቀቢው ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ይመጣል። እናቴ ለገና ትመጣለች፤ በርጩማዋን ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው የማስቀምጥላት።