የዲያፍራምን አጠቃቀም በትዕግሥት ላስተማሩኝ አዋላጅ ነርስ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዲያፍራም የተባለውን የእርግዝና መከላከያ በአግባቡ መጠቀም ላስተማሩኝ አዋላጅ ነርስ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብና፣ እንደ እኔ ሆርሞን ያለባቸው መከላከያዎች ላልተስማሟቸው ሴቶች የእርሳቸውን ዓይነት ባለሙያ እንዲፈልጉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በይፋ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በውስጥ መስመር ለምትጠይቀኝ ሴት ግን በፈቃዳቸው እጠቁማታለሁ።

ዲያፍራምን ከዚህ በፊት አላውቀውም ማለት አልችልም። ከመጀመሪያ ልጄ በኋላ በሌላ ቦታ የታሸገ ዕቃ ተሰጥቶኝ «መመሪያው ውስጡ አለ» ተብዬ ነበር የተሸኘሁት። መመሪያውን በጨረፍታ አይቼ ለወራት ተጠቀምኩበት፤ ሁለተኛዋ ልጄ የመጣችውም በዚሁ መካከል ነው። (ዛሬ ያለ እርሷ ቤቱን ማሰብ አልችልም፤ ነገሩ ግን በዕቅድ አልነበረም።)

ሁለተኛዋን ከወለድኩ ሁለት ወር ሲሞላኝ ያንኑ አሮጌ ዲያፍራም ይዤ ሲስተር ዘንድ ቀረብኩ። አልገሠጹኝም፤ እንዴት እጠቀምበት እንደነበር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድነግራቸው ብቻ ጠየቁኝና ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ከዚያም በሲሊኮን የተሠራችውን፣ ጠርዟ የሚተጣጠፍ ጎድጓዳ ቆብ በእጃቸው ይዘው ሥራዋን አስረዱኝ። ዲያፍራም የማሕፀንን በር ሸፍና የወንድ ዘር ወደ ማሕፀን እንዳያልፍ ትከላከላለች፤ ነገር ግን ጠርዟ ውኃ እንደማያስገባ ክዳን ጥብቅ ስላልሆነ፣ የሚሾልከውን እንዲያስቆም የወንድ ዘርን የሚያዳክም ቅባት በጎድጓዳው ውስጥና በጠርዙ ዙሪያ መቀባት የግድ ነው። እኔ ቅባቱን እንደ ማለስለሻ ቆጥሬ ብዙ ጊዜ እተወው ነበር!

ሁለተኛው ስሕተቴ ከግንኙነት በኋላ ወዲያው ማውጣቴ ነበር። «የኔ እመቤት፣ በሩን የከፈትሽው ጠላት ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ነው» ብለው ሳቁ። የወንድ ዘር በብልት ውስጥ ለሰዓታት በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል ዲያፍራሟ ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት በቦታዋ መቆየት አለባት፤ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ግን ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለባትም፣ ምክንያቱም አልፎ አልፎ ብርቱ ሕመም የሚያስከትል የባክቴሪያ መርዝ ሊፈጠር ይችላል። በመካከል ዳግመኛ ግንኙነት ከተደረገ ዲያፍራሟ ሳትወጣ ቅባት ይጨመራል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ልምምዱ ነው። ከወሊድ በኋላ የሰውነት ልክ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና ለኩኝ፤ አሮጌዋ በእርግጥም ልኬ አልነበረችም። ከዚያም መጋረጃውን ስበው ራሴ እንዳስገባት፣ በጣቴ እንድዳስሳት፣ እንዳወጣትና እንደገና እንዳስገባት አደረጉኝ። የማሕፀን በር ሲዳሰስ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ይላል፤ በቆቧ ሥር እርሱን ካላገኘሁት ዲያፍራሟ ቦታዋን ስታለች ማለት ነው። በሦስተኛው ሙከራ በትክክል ገባች፤ ከሳምንት በኋላም አስገብቻት መጥቼ አረጋገጡልኝ። ሁሉንም በቃል ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ እንደ ቀድሞው ግምት ይዤ እመለስ ነበር።

ሌላው የማከብርላቸው ነገር ዘዴውን አለማወደሳቸው ነው። በተለመደው አጠቃቀም ከ100 ሴቶች ውስጥ 17 ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ሊያረግዙ እንደሚችሉ፣ ሉፕና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ከዚህ እጅግ የላቀ አስተማማኝነት እንዳላቸው በግልጽ ነገሩኝ። ከኤችአይቪና ከሌሎች በግንኙነት ከሚተላለፉ በሽታዎች ለመጠበቅ ኮንዶም እንደሚያስፈልግ፣ ኖኖክሲኖል-9 የሚባለው የወንድ ዘር አዳካሚ ቅባት በተደጋጋሚ ጥቅም ላይ ሲውል የብልትን ቆዳ አስቆጥቶ ለኤችአይቪ ተጋላጭነትን ሊጨምር እንደሚችል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚደጋገምባት ሴትም ሌላ ዘዴ ብትመርጥ እንደሚሻላት አስጠነቀቁኝ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ዲያፍራምን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስለማጠባና በምፈልገው ጊዜ ብቻ የምጠቀምበት ዘዴ ስለፈለግሁ ነበር።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ለምትፈልጉ፣ ባለሙያዋ ልክ የምትለካና በፊቷ የምታለማምድ መሆኗን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዲያፍራም ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲስተር የእኔን ውኃ ሞልተው የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ እንዳለና እንደሌለ አይተውልኛል፣ በለስላሳ ሳሙና ታጥባ ደርቃ እንድትቀመጥም አሳይተውኛል። ቀጠሮ ስትይዙ ሰፋ ያለ ጊዜ ጠይቁ፤ የእኔ አንድ ሰዓት ያህል ወስዷል፣ ሲስተርም አንዴ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም።