ቢሾፍቱ ላይ ምሳ፦ ምግቡን ወደድኩት፣ ሒሳቡ ግን አቃጠለኝ

ለገና አገር ቤት ገብታችሁ፣ ቢሾፍቱ ወጣ ብላችሁ ቤተሰብ ለመጋበዝ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ። ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የነበረ አንድ የድሮ ሆቴል ታድሶ እንደገና ተከፍቷል። ከሐይቆቹ በአንዱ አፋፍ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም። በአለቆቹ ጥፋት ሠራተኞቹ እንዲጎዱ አልፈልግም።

ምግቡ ጥሩ ነው። ቦታው ከጥሩም በላይ ነው። አስተናጋጇን ደግሞ እግዜር ይባርካት። እኔን ያቃጠለኝ ሒሳቡ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚያ ለዓመታት ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቤት ስገባ ዓይኔ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ብርጭቆው፣ ወደ አስተናጋጆቹ እግር ይሄዳል። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደተበሳጨ፣ ኩሽናው እንደተጨናነቀ ወዲያው ይገባኛል። ይህን የምለው የአስተናጋጅን ሥራ ክብደት ሳላውቅ የምናገር እንዳይመስላችሁ ነው።

የጋበዝኩት አጎቴንና ባለቤታቸውን ነው። ልጃቸውም አብሮን ነበር። ጋሼ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያው ከተማ ነው፤ እስካሁንም ደብረ ዘይት ነው የሚሏት። በወጣትነታቸው ደመወዝ ሲወጣ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚመጡት እዚህ ሆቴል ባር ነበር። ከተዘጋ ወዲህ በአጠገቡ እያለፉ አጥሩን ብቻ ነበር የሚያዩት። እንጋበዝ ስላቸው ኮት ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፣ ጫማቸውንም አስጠረጉ። እትዬም ነጠላቸውን አሳምረው ወጡ።

ስለ እድሳቱ መመስገን ያለበት ሰው ይመስገን። ያገኙትን ሁሉ አፍርሶ በመስታወት መሸፈን በተለመደበት ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች የድንጋዩን ግድግዳ እንዳለ ትተውታል። በረንዳው ሰፍቶ ወደ ሐይቁ ወጣ ብሏል። የባሩ የእንጨት ባንኮኒ የድሮው ነው። ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ጠርዙ ላይ ግን ሲጋራ የለበለባቸው ጥቁር ነጠብጣቦች አልጠፉም። ጋሼ እጃቸውን እዚያ ላይ አሳረፉና ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ለልጃቸው ማን የት ይቀመጥ እንደነበር በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩት ጀመር። ግማሾቹ በሕይወት የሉም። እኔም ጠረጴዛው ይጠብቅ ብዬ አልጠራኋቸውም።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። እትዬ በጾም ዓሣ አይነኩም። ጋሼ ይበላሉ። በዚህ ጉዳይ በቤቱ ክርክር ከቀረ ቆይቷል። እትዬ ሜኑውን ሳይከፍቱ አስተናጋጇን ጠርተው ‹‹ልጄ፣ የጾሙ በምን ድስት ነው የሚሠራው?›› አሏት። ልጅቷ አልተገረመችም፣ አልሳቀችምም። ‹‹እማማ፣ የጾሙ ድስትም ጭልፋም ለብቻው ነው፤ ከፈለጉ ኩሽና ገብተው ይዩት›› አለቻቸው። እትዬ እውነትም ተነሥተው ሄደው አዩ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ ግብዣ ሰምቼ አላውቅም።

በየአይነቱው ሲመጣ ስልጆ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በየአይነቱ እየተባለ ከሚቀርበው ስንቱ ላይ ነው ስልጆ የምታገኙት? የሰናፍጩ ሽታ ሰሃኑን ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። ሱፍ ፍትፍቱ ለስላሳ ነው፤ ጎመኑ ዘይት አልበዛበትም። እትዬ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና ‹‹የባለሙያ እጅ ነው›› አሉ። እሳቸው እንዲህ የሚሉት ለብዙ ሰው አይደለም። ያዘዝኩት ተጋቢኖም እየተንተከተከ መጣ። እንጀራው ዓይኑ የወጣ የጤፍ እንጀራ ነው። ፍራንክፈርት የምጋግረው ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት ጋር እየቀላቀልኩ ስለሆነ የጤፉ ጣዕም ብቻውን ምላሴ ላይ ሲመጣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው እንዳያየኝ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

ጣጣው የጀመረው በዓሣው ነው። ጋሼና ልጃቸው ዓሣ ጥብስ አዘዙ። የእኔና የእትዬ ምግብ መጣ፤ ዓሣው የለም። እትዬ ደግሞ ለጋሼ ሳይቀርብላቸው አይቆርሱም። ጠበቅን። እንጀራው ይደርቅ ጀመር። ስንጠይቅ ‹‹እየደረሰ ነው›› ተባልን። እንደገና ስንጠይቅ ‹‹አሁን ይወጣል›› ተባልን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው አስተናጋጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እውነቱን የነገረችን። ዓሣው የሚመጣው ከባቱ (ከዝዋይ) ነው፤ የሚያመጣው መኪና ገና አልደረሰም። ኩሽናው ይህን ከጠዋቱ ያውቃል። ትእዛዙን ግን እሺ ብሎ ተቀብሏል። ለእሷም ‹‹የለም በይ›› ያላት ሰው የለም።

ልጅቷ የእኛን ምግብ ወስዳ አሞቀችልን። ሽሮውን እንደ አዲስ አስደረገች፤ ለእትዬም አዲስ እንጀራ አመጣች። ዓሣው በመጨረሻ ሲመጣ እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር። ሙሉ ቆሮሶ ነው፤ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ እስከ አጥንቱ በደንብ ተጠብሷል። ሎሚና ዳጣ አለው። ጋሼ ጭንቅላቱን ሳይቀር ጨረሱት። ቡናም ጠጣን። ይህ ሁሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የምጽፈው ምስጋና ብቻ ነበር።

ሒሳብ ሲመጣ 4,933 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ሜኑውን ሳይ በልቤ የደመርኩት 2,800 ብር ነው። ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ እንደሚጨመር አውቃለሁ፤ ሜኑው ግርጌ ላይም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሰርቪስ ቻርጁ 10 በመቶ፣ ቫቱ 15 በመቶ ነው። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 1,000 ብር የሚል ምግብ 1,265 ብር ይሆናል። ከውጭ ለምትመጡ ይህንን አስቀድማችሁ ያዙት። እሱ ሁሉ ተጨምሮ እንኳ የእኛ ሒሳብ 3,542 ብር ነው መሆን የነበረበት። ቀሪው ከየት መጣ?

ወረቀቱን ከሜኑው ጋር አስተያየሁት። ሜኑው ላይ 750 ብር የሚለው ዓሣ ሒሳቡ ላይ 1,050 ሆኗል። 480 የነበረው በየአይነቱ 650 ነው። 400 የነበረው ተጋቢኖ 550 ነው። ውሃው፣ አምቦው፣ ቡናው፣ ሁሉም ጨምሯል። አንዱም በሜኑው ዋጋ አልተጻፈም።

አስተናጋጇ ደነገጠች፤ የፈረቃውን ኃላፊ ጠራችው። መጣ። ‹‹ዋጋ ተሻሽሏል፤ አዲሱ ሜኑ ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም›› አለን። ታዲያ ስናዝ ለምን አልተነገረንም? ‹‹የሚጠይቅ ሰው እንነግራለን›› አለ። ሜኑ ተሰጥቶት የሚያነብ ሰው ዋጋው እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ቀጥሎ ያለውን እስካሁን አልረሳሁትም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ጋሼ እየሰሙ፣ ‹‹ለእናንተ ለዳያስፖራዎች እኮ በዩሮ ሲመነዘር ምንም ማለት አይደለም›› አለኝ።

እኔ ያንን ዩሮ የማገኘው ሰሃን ተሸክሜ ነው። ለመሆኑ ያ ዋጋ ለእኔ ተብሎ የወጣ ነው? በአጠገባችን ልጆቹን ይዞ የተቀመጠ የከተማው ሰውም ያው ሜኑ ነው የተሰጠው። እሱስ በምን ይመንዝረው?

ዋጋ መጨመሩን አልቃወምም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ ሁላችንም አይተናል። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ትራንስፖርቱም ተሰቅሏል። ቤቱ የሚያዋጣውን ዋጋ ያውጣ፤ ግን ይጻፈው። አንድ ወረቀት አሳትሞ ሜኑው ውስጥ መለጠፍ የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። እነሱ ደግሞ አዲሱን ዋጋ ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ አስገብተውታል። ማሽኑን ለማስተካከል ጊዜ ያገኘ ሰው እንግዳው የሚያነበውን ወረቀት ለማስተካከል እንዴት ጊዜ አጣ?

ጀርመን ውስጥ ሜኑ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ዋጋ ነው። ግብሩ ውስጡ አለ። የዋጋ ዝርዝሩንም መግቢያው አጠገብ መለጠፍ ግዴታ ነው፤ እንግዳው አይቶ ካልተስማማው ሳይገባ ይሄዳል። እኔ የሠራሁበት ቤት ሜኑው ላይ ስህተት ሲገኝ እንግዳው የተጻፈውን ከፍሎ ይሄድ ነበር፣ ልዩነቱን ቤቱ ይችላል። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼ እዚያም ታክስና ቲፕ ከላይ እንደሚጨመር ይነግሩኛል። የምግቡ ዋጋ ግን ከበሉት በኋላ አይለወጥባቸውም። ደግሞስ የፈረንጅ አገር ምሳሌ ለምን አስፈለገን? የራሳችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል።

ክርክሩ ሲረዝም ሰው ዞር ዞር እያለ ያየን ጀመር። ጋሼ ‹‹ተይ ልጄ፣ ተይ›› አሉኝ። ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ብር አወጡ። መቶ መቶ ብሮች ናቸው፤ በላስቲክ የታሰሩ። ገና ለገና እኔ የተቸገርኩ መስሏቸው ጡረታቸውን ሊከፍሉልኝ ነው። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሰው ጋብዞ እንዲህ መዋረድን ለጠላቴም አልመኝም። ያ ኃላፊ ከእኛ የወሰደው ትርፍ ብር ምንም ያህል ቢሆን፣ የእኚህን ሰው የዓመታት ናፍቆት በዚያች ቅጽበት አበላሽቶታል።

ብራቸውን ወደ ኪሳቸው መለስኩና ካርዴን ሰጠሁ። ማሽኑ የውጭ ካርድ አልቀበልም አለ፤ ኔትወርክ የለም ተባለ። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ በቴሌብር ከፈለልኝና በኋላ ሰጠሁት። ሙሉውን ነው የከፈልነው። አንድ ብር አልቀነሱልንም፤ ይቅርታም አልተባልንም። ያለማሽን የተጻፈ ወረቀት ሰጥተውን ስለነበር ሕጋዊ ደረሰኝ እስኪቆረጥልኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እሱን እንኳ አግኝቼ ነው የወጣሁት።

ስወጣ አስተናጋጇን ለብቻዋ አገኘኋትና ሰርቪስ ቻርጁ ይደርሳችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ‹‹ወር ላይ ይከፋፈላል ይላሉ›› አለችኝ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልፈለገችም። ሥራዋ ስለሆነ አልገፋኋትም። ጉርሻዋን በእጇ ሰጠኋት። እናንተም ከሄዳችሁ በእጅ ስጡ። ሒሳቡ ላይ የተጻፈው 10 በመቶ እነሱ ጋ ደርሷል ብላችሁ አትተዉት።

ክፍሎቹን አላደርኩባቸውም፤ አንዱን ግን ከፍተው አሳይተውኛል። ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው፤ ሙቅ ውሃው ይሠራል። የክፍሉን ዋጋ ስጠይቅ ለውጭ ፓስፖርት በዶላር፣ ለአገር ውስጥ በብር ነው አሉኝ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱና በየትኛው እንደሚያስከፍሏችሁ ሳትገቡ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለምሳ የምትሄዱ ከሆነ ሜኑውን ይዛችሁ አስተናጋጁን ‹‹ዋጋው ይሄ ነው?›› በሉት፤ ስታዝዙም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ዓሣ ከፈለጋችሁ ጠዋት ደውላችሁ ከባቱ መግባቱን አረጋግጡ። ካልገባ በየአይነቱውን እዘዙ፣ ስልጆም እንዲጨምሩበት ንገሯቸው። ብር ወይም ቴሌብር ያዙ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ አታስመጡ፤ ተነሥታችሁ ካሸሯ ጋ ሄዳችሁ እዩት።