ሲስታር ኤስ50፦ የሰሜን ኮከብን የማይፈልግ ቴሌስኮፕ በሐረር ሰማይ ሥር

ኔቡላዎችን፣ ማለትም በከዋክብት መካከል የተዘረጉትን የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመርሁት በአንድ አሮጌ ካሜራና የሰማይን እንቅስቃሴ ተከትሎ ካሜራውን በሚያዞር ትንሽ ሞተር ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር በትክክል የሚሠራው ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማይ ሁሉ ሲዞርበት ወደሚታየው፣ የሰሜን ኮከብ ወደምትቀርበው ነጥብ ሲያነጣጥር ስለሆነ፣ ባለቤቱ በየምሽቱ የሰሜን ኮከብን ፈልጎ በትንሿ መነጽር ውስጥ ምልክት በተደረገላት ቦታ ላይ ማስቀመጥ አለበት። በአውሮፓ ለሚኖር ሰው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኮከቧ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ከፍ ብላ ትታየዋለች። ሐረር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ያው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን አድማስ ላይ ያስቀመጠ ሰው ኮከቧን ከጡጫው ጀርባ ይደብቃታል። በዚያ ዝቅታ ላይ አቧራው፣ የማገዶ ጭሱና ኮረብታው ስለሚሻሟት፣ ጥርት ያለ በሚመስል ሌሊት እንኳ እሷን ስፈልግ አንድ ሰዓት ያባከንሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሲስታር ኤስ50ን እንድገዛ ያደረገኝ ከሁሉም በላይ ይህ ችግር ነው። መሣሪያው ዜድ ደብሊው ኦ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው፣ ቴሌስኮፑ፣ ካሜራው፣ ሞተሩ፣ ባትሪውና ኮምፒዩተሩ በአንድ አካል ውስጥ የተቀመጡለት ስሪት ነው። የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 250 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን ከትንሽ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ከመያዣ ሣጥን ጋር ይመጣል። የዓይን መመልከቻ ስለሌለው ሁሉንም ነገር የሚያሳየው በስልክ ነው። በቴሌስኮፕ ቀዳዳ የገዛ ዓይኑን ደቅኖ ሳተርንን ማየት የሚመኝ ሰው ይህን መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

ሲስታር የሰሜን ኮከብን አይጠይቅም። ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ሲከፈት የሰማይን አንድ ቁራጭ ፎቶ ያነሣና የታዩትን ከዋክብት በውስጡ ካለው የሰማይ ካርታ ጋር አመሳክሮ ወዴት እያየ እንደሆነ ራሱ ያውቃል። ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በኮረሚ አቅራቢያ፣ የኤረር ሸለቆ ከታች ተዘርግቶ በሚታይበት ጉብታ ላይ መጀመሪያ ባቆምሁት ምሽት፣ የኦሪዮን ኔቡላን ከስልኬ ዝርዝር ውስጥ መርጬ ከነካሁ በኋላ ክንዱ በዝግታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ዞረና ጥቂት ደቂቃዎች ሳይሞላ ኔቡላው በስልኩ መሐል ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋ የ10 ሰከንድ ምስል አመድማና ነቁጥ የበዛባት ነበረች። መሣሪያው የሚያነሣቸውን ምስሎች እርስ በርስ እየደራረበ ስለሚሄድ ግን በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ክንፍ የመሰለው ቀላ ያለ ጋዝ፣ በሃያኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ በብርሃኑ መሐል ገብቶ የሚታየው ጥቁር የአቧራ ሰርጥ ተለይቶ ወጣ። ይህ ብርሃን ከዚያ ደመና የተነሣው ከ1,300 ዓመታት በላይ በፊት እንደሆነ ባውቅም፣ በዚያች ሰዓት ያሳሰበኝ የስልኬ ባትሪ 11 በመቶ ላይ መድረሱ ነበር።

አሁን በእኛ ሰማይ ላይ ከሁሉ የበለጠ ወደሚያስፈልገው ጉዳይ ልግባ፤ ባነበብኋቸው መመሪያዎች ውስጥ ለእኛ በሚሆን መልኩ ተጽፎ አላገኘሁትም። ሲስታር ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ብቻ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነው። ሰማይ ደግሞ በዋልታ ዙሪያ ስለሚዞር፣ ኔቡላው በምስሉ መሐል ቢጸናም ምስሉ ራሱ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። የሽክርክሪቱ ፍጥነት እንደየቦታውና እንደየአቅጣጫው ይለያያል። የኦሪዮን ኔቡላ በሐረር ምሥራቃዊ ሰማይ ላይ 45 ዲግሪ ከፍታ ሲደርስ ምስሉ በሰዓት 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ይዞራል። እኩለ ሰማይ ላይ፣ 75 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 58 ዲግሪ ያሻቅባል፤ ይህም በአንድ የ30 ሰከንድ ምስል ውስጥ ግማሽ ዲግሪ ያህል መዞር ስለሆነ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ከዋክብት ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። መሣሪያው እንዲህ የተበላሹትን ምስሎች ከሌሎቹ ጋር ሳይደራርብ ይጥላቸዋል፤ የተመልካቹ ሰዓትም አብሮ ይጣላል።

የተለመደው ምክር «ዕቃህን ከፍ ሲል አንሣው፤ አየሩ ይሳሳል» የሚል ነው። በእኛ ኬክሮስ ላይ ለዚህ መሣሪያ ምክሩ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ የሚታሰበው መስመር፣ ከሞላ ጎደል በአናታችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ኦሪዮንና በአካባቢው ያሉት ኔቡላዎች ከምሥራቅ ቀጥ ብለው ወጥተው ወደ አናታችን ይመጣሉ፤ በመውጣት ላይ ሳሉ ምስሉ ምንም ያህል አይዞርም፣ አናት ላይ ሲደርሱ ግን ይከንፋል። ሮዜት የተባለው ኔቡላ የዚህ ጠባይ ጫፍ ነው፤ በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሽክርክሪቱ በሰዓት 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ እኩለ ሰማይን ሲሻገር ግን ከአናታችን 4 ዲግሪ ብቻ ፈቅ ብሎ ስለሚያልፍ ያን ጊዜ መሣሪያውን ከማስቸገር ሻይ መጠጣት ይሻላል። እኔ አሁን የምሠራው ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ከፍታ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ይህ ለኦሪዮን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 3 ሰዓት ከ45 ይሆናል። የታገሠ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ በኋላ በምዕራቡ በኩል ሌላ ሁለት ሰዓት ያገኛል።

ሽክርክሪቱን ለማስቀረት ኩባንያው ኋላ ላይ በሶፍትዌር ማሻሻያ የጨመረው ዘዴ አለ፤ መሣሪያውን አዘንብሎ ዘንጉን ወደ ዋልታ ማነጣጠር ነው። ነገር ግን ዋልታው 9 ዲግሪ ላይ ባለበት አገር መሣሪያውን ወደ ዋልታ ማዘንበል ማለት መሬት ላይ ሊያስተኙት ጥቂት ሲቀር ማለት ነው፤ ክብደቱም ከእግሮቹ ውጭ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ አብሮት የመጣው ቀላል ማቆሚያ ሲንገዳገድ በእጄ ቀልቤዋለሁ። ጠንካራ ማቆሚያ ያለው ሰው ይሞክረው፤ እኔ ወደ ሰሜን ኮከብ ፍለጋ ልመለስ አልወደድሁም።

የጨለማውን ነገር በተመለከተ፣ እዚያ ጉብታ ላይ የሚያስቸግረው የከተማ መብራት ሳይሆን የጫት ማሳ ጠባቂዎች ባትሪ ነው። በሁለተኛው ምሽት አንድ አዛውንት ጠባቂ የእጅ ባትሪያቸውን በቀጥታ ሌንሱ ላይ አብርተው «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ጅብ ነው የሚያየው?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ሰማይ ነው የሚያየው» ብዬ ስልኩን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና «ታዲያ ይኼ እሳት ሲነድ እኛ እንዴት ሳናይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዓይናችን ብርሃንን ማጠራቀም አይችልም፣ መሣሪያው ግን ሰዓቱን ሙሉ ያጠራቅማል ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። በማግሥቱ የባትሪያቸውን አፍ በቀይ ፌስታል ሸፍነው መጡ፤ ቀይ ብርሃን በጨለማ የለመደ ዓይንን እንደማይጎዳ ስነግራቸው ሰምተው ነበር። ጅቡን በተመለከተ፣ በሐረር ዙሪያ የሚያድር ሰው ድምፁን መስማቱ አይቀርም፤ እኔም ብቻዬን አልወጣም።

በውስጡ ያለው ፊልተር ሌላው የወደድሁት ነገር ነው። ከሃይድሮጂን የሚወጣውን ቀይ ብርሃንና ከኦክስጅን የሚወጣውን አረንጓዴ ሰማያዊ ብርሃን አሳልፎ አብዛኛውን የቀረውን ስለሚያግድ፣ ድሬዳዋ ባለው የዘመዴ ቤት ሰገነት ላይ ሆኜ እንኳ ላጉን የተባለውን ኔቡላ በመጋቢት ንጋት ላይ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሁን እንጂ በድሬዳዋ ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። የሲስታር ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ሙቀት በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሴንሰሩ የራሱ ነቁጥ እጥፍ ያህል ይሆናል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ 1,900 ሜትር ወደምትጠጋው ሐረር መድረስ ለዚህ ሥራ የሚኒባሱን ዋጋ ያወጣል።

ቅር ያሰኘኝ የእይታው ጥበት ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ስፋት 1.3 ዲግሪ በ0.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ምስሉም 1080 በ1920 ነጥብ ነው፤ ለስልክ ይበቃል፣ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን ያንሳል። ሮዜት በቁመቱ እንኳ ሊያመልጥ ሲል በወርዱ ፈጽሞ አይገባም። ካሪና የተባለው ታላቁ የደቡብ ሰማይ ኔቡላ 2 ዲግሪ ያህል ስለሚሰፋ እምብርቱን ብቻ ነው የማገኘው። ይህ ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ካሪና አብዛኛው አውሮፓ ጨርሶ የማያየው፣ እኛ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ በደቡብ 21 ዲግሪ ከፍታ ላይ የምናገኘው ጸጋ ነው። ምስሎችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ሰፊ ሥዕል የሚያወጣ ሞዛይክ የተባለ ምርጫ ቢኖርም ጊዜውን ያበዛዋል፤ በበልግ ደመና መካከል ደግሞ ሦስት ሰዓት ጥርት ያለ ሰማይ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሰፋፊ ኔቡላዎችን የሚመርጥ ሰው የትኩረት ርዝመቱ 150 ሚሊሜትር ስለሆነ ሰፋ አድርጎ የሚያየውን ታናሽ ወንድሙን፣ ሲስታር ኤስ30ን ቢመለከት አልቃወምም።

ስለ ቀረው ነገር ባጭሩ እናገራለሁ። ባትሪው እስከ 6 ሰዓት ይሠራል ይባላል፤ የጤዛ ማሞቂያው ሲበራ ያጥራል፣ ፓወር ባንክ ግን በተራ የስልክ ገመድ ይቀበላል። ስልኩና መሣሪያው የሚገናኙት በራሳቸው ዋይፋይ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበት ጉብታ ላይም ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ግን ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ ያን ሥራ ከተማ ውስጥ ጨርሶ መውጣት ያስፈልጋል። ማቆሚያው አጭር ነው፤ መሬት ላይ ሲቆም የእግር አቧራ ሁሉ ወደ ሌንሱ ይነሣል፤ እኔ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ነው የማቆመው። የመጀመሪያ ዋጋው 500 ዶላር ያህል ነበር፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ካሜራ፣ ሌንስና ሞተር ለየብቻ ቢገዛ ከዚህ ይበልጣል። ጥሩ ካሜራና ሌንስ አስቀድሞ በእጁ ያለ፣ ምስሎቹንም በኮምፒዩተር ላይ ለሰዓታት ማቀናበር የሚወድ ሰው ግን እምብዛም አያተርፍበትም። እኔ ካሜራዬን አልሸጥሁም፤ ሲስታር ኦሪዮንን በሚያነሣበት ሰዓት እሱ በአጭር ሌንስ ሸለቆውንና ፍኖተ ሐሊብን በአንድ ላይ ያነሣል፤ ለዚያ ደግሞ የሰሜን ኮከብ አያስፈልግም።