ደብተሩና በጉ፦ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከራስ ቁጠባ ጋር ሲመዘን

መንዝ ላይ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው በረት ነው፦ የቱ በግ ይውጣ? ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ማሾው፣ ምንጃር ላይ ደግሞ ጤፉ ይታያል። እህል ተሰብስቦ የቀበሌው ሰው የጤና መድህን መዋጮ ሊሰበስብ ሲመጣ ታዲያ ብዙ አባወራ የሚያነሳው ሙግት አንድ ነው፦ «ይሄን ብር ለራሴ ባስቀምጠውስ? ካልታመምን እኮ ቀልጦ ቀረ።» ሙግቱ በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። መዋጮውን የከፈለ ቤት የሚይዘው የመድህን ደብተር የሚሠራው ምን ላይ እንደሆነና ምን ላይ እንደማይሠራ ሳይታወቅ ሁለቱን ማወዳደርም አይቻልም።

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። የታሰበው ደሞዝ ለሌለው ሰው ነው፤ ለገበሬ፣ ለነጋዴ፣ ለቀን ሠራተኛ። ለደሞዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ሌላ መድህን ተደንግጎለታል፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት አልፈዋል። የግል መድን ኩባንያዎች የሕክምና ሽፋን የሚሸጡት በአብዛኛው ለድርጅት በቡድን ስለሆነ፣ እነዋሪ ወይም ሰላ ድንጋይ ላለ ቤተሰብ ምርጫው ከደብተሩና ከራስ ቁጠባ አያልፍም።

ደብተሩ በሰው ሳይሆን በቤት ነው የሚወጣው። አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር አጋርና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይገባሉ፤ ዕድሜው ያለፈ ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ዘመድ በነፍስ ወከፍ ይጨመርበታል። ቤተሰቡ ተከፍሎ «እናትዬው ብቻ ትግባ፣ እሷ ናት የምታመው» ማለት አይፈቀድም። ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የታመመው ብቻ ከገባ ቋቱ ክረምት ሳይገባ ይደርቃል። በዓመቱ መካከል ታሞ ልመዝገብ የሚልን ሰው የማይቀበሉትም ለዚሁ ነው። መክፈል የማይችል ድሃ በቀበሌው ከተለየ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል።

ሽፋኑ መንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ካለው አገልግሎት አብዛኛውን ይይዛል፦ ካርድ፣ ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ አልጋ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ መድኃኒት። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ውጭ አገር ሕክምና የሉበትም። ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ጤና ጣቢያ መውለድ ቀድሞም በነጻ ስለሆኑ «ደብተሩ ምን ጠቀመኝ» ሲባል እነዚህን በሒሳቡ መክተት አይገባም።

አካሄዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ካርድ ክፍል ደብተሩ ይታያል፦ ፎቶ፣ መለያ ቁጥር፣ የዘንድሮ እድሳት ማህተም። ሐኪሙ ከአቅም በላይ ነው ካለ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል። መርሐ ቤቴ አካባቢ ያለ ሰው ዓለም ከተማ ወደሚገኘው እናት ሆስፒታል፣ የጌራ ምድር ሰው ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው በመመሪያው መሠረት ግማሹን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ሪፈር አይጠብቅም፤ ደብተሩ ግን በቶሎ መቅረብ አለበት፤ የተከፈለ ብር በኋላ ላስመልስ ቢሉ ጉዳዩ ሊንዛዛ ይችላል።

የሪፈር ወረቀት የምታክል ትንሽ ነገር የምታስመልሰው ሰው ብዛት ያስገርማል። ሦስት ነገር ይታይባት፦ የሐኪሙ ፊርማ፣ የተቋሙ ክብ ማህተም፣ ቀን። አንዱ ከጎደለ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ለመጣ ሰው ደግሞ የአንድ ቀን መንገድና ማደሪያ ማለት ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል ያለበት ሰው ወረቀቷ እስከ መቼ እንደምታገለግል ከመነሻው ይጠይቅ፤ ሲያልፍ ከጤና ጣቢያ ማሳደስ አለበት። ሌላው የተለመደ እንከን ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ «ወ/ሥላሴ»፣ ደብተሩ ላይ «ወልደሥላሴ» ከሆነ መስኮቱ ላይ ክርክር ይነሳል። አዲስ የተወለደ ልጅ በደብተሩ ሳይጻፍ ታሞ መምጣቱም እንዲሁ።

ዋናው የደብተሩ ድክመት ግን መድኃኒት መስኮት ላይ ነው። ሐኪሙ አራት ዓይነት ያዛል፤ ሁለቱ ይሰጣሉ፣ ሁለቱ ላይ «የለም» ይባላል፤ ታካሚው ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። ይህ የፋርማሲው ሠራተኛ ክፋት አይደለም። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን የሚገዛው በተዘዋዋሪ ገንዘቡ ነው፤ ለደብተር ባለቤቶች የሰጠውን ሒሳብ አወራርዶ ከወረዳው መድህን ጽሕፈት ቤት እስኪከፈለው ድረስ ካዝናው ባዶ ይሆናል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር መደርደሪያው ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ መድህን ያላቸው ሰዎች በበዙና ክፍያው በዘገየ መጠን መድኃኒት ይጠፋል፤ የሚያናድድ ቢሆንም አሠራሩ ይኸው ነው። መፍትሔው፦ «የለም» የተባለው መድኃኒት ማዘዣው ላይ ተጽፎ ማህተም እንዲደረግበት መጠየቅ፣ ወረዳው ውል የገባበት የከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት እንዳለ ማጣራት፣ ደረሰኙን አለመጣል። ብዙ ሰው ደረሰኙን እዚያው ጥሎ ይሄዳል፤ ከዚያ «መድህኑ አልከፈለኝም» ይላል።

አሁን ወደ ቁጠባው። ለሒሳብ ያህል አንድ ቤት በወር 200 ብር ያስቀምጥ፦ በዓመት 2,400፣ የባንክ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ቢታሰብም ጭማሪው ከመቶ ብር ብዙም አይዘልም፣ የዋጋ ንረቱም ይበላዋል። የቁጠባው ችግር ከመጠኑ ይልቅ ጊዜው ነው። ሕመም ቀን አይመርጥም፤ መስከረም ላይ የጀመረ ቆጣቢ ጥር ላይ ትርፍ አንጀት ቢይዘው ያለው ከ1,000 ብር ብዙም አይበልጥም። ደብተሩ ያለው ሰው ግን የመዋጮው ዓመት በጀመረ ማግስትም በዓመቱ መጨረሻም እኩል ነው። በጉም ቢሆን ያው ነው፤ ለፋሲካ ወይም ለገና ጥሩ ዋጋ ያለው በግ በሁዳዴ መሐል ሲሸጥ ገዢው አፉን ሞልቶ አይጠራውም፤ የታመመ ቤት ደግሞ ትንሣኤን አይጠብቅም። እቁብ ቀድሞ ከወጣ ያድናል፤ ዕጣው መጨረሻ ላይ ከሆነ ለሕመሙ ወለድ የሌለው ብድር ፍለጋ ነው። በአጭሩ ቁጠባ ለትንሽና ለሚገመት ወጪ ይሆናል፤ ትልቁንና ድንገተኛውን መሸከም አይችልም።

«ካልታመምን ብራችን ቀለጠ» ለሚለው የአገራችን እድር መልስ አለው። ዘንድሮ ማንም አልሞተብኝምና የእድር ብሬ ይመለስልኝ የሚል ሰው የለም። መድህኑም የጤና እድር ነው።

በተቃራኒው ግን «ደብተር አለኝ፣ ቁጠባ ለምን» ማለት አያዋጣም። ደብተሩ የትራንስፖርት አይከፍልም፤ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ አይከፍልም፤ ሆስፒታሉ የሌለው ምርመራ ለምሳሌ ኤም አር አይ ወደ ግል ሲላክ ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ከተሻገረ የሚያደክመው የሕክምናው ሳይሆን የማደሪያው ወጪ ነው። ሳምንት የቆየ አስታማሚ የሚያወጣው ብር አንዳንዴ ከዓመቱ መዋጮ ይበልጣል።

ስለዚህ ዳኝነታችን እንዲህ ነው። መዋጮው ይቅደም፤ እህል በተሸጠ ሰሞን ከሌላው ወጪ በፊት ይከፈል። ቁጠባውን ለሕክምና ብቻ ብሎ በተለየ ሒሳብ፣ በጸደይ ባንክም ሆነ በሌላ፣ ማስቀመጥና ሦስት ነገር እስኪችል ማሳደግ ነው፦ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ መንገድ እስከ ደብረ ብርሃን፣ የአምስት ቀን የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት የሚሆን መጠባበቂያ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን መንገድ ስለሚያውቅ ቁጥሩን ራሱ ይደምር፤ ከአንኮበር የሚነሳና ከመሐል ሜዳ የሚነሳ እኩል አያወጣም። ይህ ሲሞላ ተጨማሪ ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ቢውል ይሻላል።

አንድ ቤት ብቻ ይለያል፦ ወጣት ባልና ሚስት፣ ልጅ የሌላቸው፣ ከሆስፒታል ደጃፍ የሚኖሩ። ለእነሱ መዋጮው ውድ ሊመስል ይችላል። ያም ሆኖ ወባ ወዳለበት ቆላ ለሥራ የሚወርድ ከመሐላቸው ካለ እንዲገቡ እንመክራለን።

የከፈላችሁ ደግሞ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የዘንድሮው ማህተም መኖሩን አንብቡ፤ ደረሰኝ ተቆርጦ ማህተሙ የተረሳበት ደብተር መስኮቱ ላይ ባዶ ወረቀት ነው።