ለወንበር መቀመጫ የቱ ይሻላል? ጠፍር፣ የተወጠረ ወፍራም ቆዳ፣ ስፖንጅ ላይ የለበሰ ቆዳ ወይስ ፕላስቲኩ ሌዘር

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ ኮዬ ፈጬ በሉት ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ በሉት ቡራዩ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው መቼም ወንበር መግዛቱ አይቀርም፣ ሱቅ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቆዳው ኦሪጅናል ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው ግን ብቻውን አያድንም። ኦሪጅናል የበግ ቆዳ ለብሶ ዓመት ሳይሞላው ጥጉ ላይ የሚተረተር ወንበር አለ፣ ያልለፋ የበሬ ቆዳ ተጠፍሮበት ልጅ አድጎ ቤት እስኪይዝ የሚያገለግል ወንበርም አለ። እኔ ቃሊቲ ገላን መስመር ላይ ወንበር እሰራለሁ፣ ለሚመጣ ገዢ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከመው ቆዳው ራሱ ነው ወይስ ከስሩ ያለው ነገር? ይሄን ከለያችሁ የምን ቆዳ፣ ስንት ውፍረት፣ በምን ክር የሚለው ሁሉ ከዛ በኋላ ቀላል ነው።

ከርካሹ ልጀምር። ፕላስቲኩ ሌዘር ማለት ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው፣ ሁለት አይነት አለው፣ ፒቪሲ እና ፒዩ። ፒቪሲው ሲነካ ወፈር ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚያለሰልሰው ዘይት ነገር ከጊዜ ጋር እየወጣ ሲሄድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በተለይ የእኛን ጸሐይ የሚያገኘው መስኮት ስር ያለው ወንበር ቶሎ ይሄዳል። ፒዩው ለስላሳ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ስታዩት ከቆዳ አትለዩትም፣ ግን እርጥበትና ላብ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፣ ከዛ እንደ ቅርፊት መላጥ ይጀምራል፣ ቁርጥራጩ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ምንጣፍ ላይ ይራገፋል፣ አንዴ ከተላጠ የሚጠገንበት መንገድ የለም። "ቦንድድ ሌዘር" የሚባለውም ከዚሁ ጋር ነው፣ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ነው፣ ሻጩ "ቆዳ አለበት" ቢላችሁ አልዋሸም ግን እድሜው የፒዩው እድሜ ነው። ለመለየት ወንበሩን ገልብጡትና የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። ከጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ካለ ፕላስቲክ ነው፣ ቆዳ ከሆነ ጀርባው ጸጉራም ነው፣ ክሩ አቅጣጫ የለውም። ቁራጭ ከሰጧችሁ ደጅ ወጥታችሁ በክብሪት ሞክሩት፣ ቆዳ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሳታቃጥሉ በሚመጣው ሽታ ብቻ ግን አትመኑ፣ የቆዳ ሽታ የሚሰጥ ኬሚካል አለ። በጥቅሉ ይሄን አይነት ለቤት አልመክርም፣ ለጊዜያዊ ነገር ወይ በዓመት ሁለት ዓመት እቃውን ለሚቀይር ምግብ ቤት ግን ሊያዋጣ ይችላል፣ ለማጽዳት ይቀላላ።

አሁን ብዙ ሰው የሚፈልገው፣ ስፖንጅ ላይ የለበሰ እውነተኛ ቆዳ። እዚህ ላይ ክብደት የሚሸከመው ስፖንጁና ስሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ወይ ላስቲክ ቀበቶ ነው፣ ቆዳው ልብስ ነው። ስለዚህ በጣም ወፍራም መሆን የለበትም፣ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም ለስላሳ ነው፣ ጥግ ላይ በደንብ ይታጠፋል። የላም ወይ የበሬ ይሁን። የፍየል ለውፍረቱ ጠንካራ ነው ግን ትንሽ ስለሆነ ለሰፊ መቀመጫ መቀጣጠል ይመጣል፣ እና ስፌት በበዛ ቁጥር መቀደጃው ይበዛል። የበግ ግን ተዉት። የደገኛው በጋችን ቆዳ ለጓንት ዓለም ያወቀው ነው፣ ቀጭንና ልስልስ ያለ፣ ለእጅ የተፈጠረ፣ ለመቀመጫ ግን ልስላሴው ራሱ ይጎዳዋል፣ በቁልፍና በጂንስ ሲፈተግ ፊቱ ይነሳል። "ይሄ እኮ እንዴት እንደሚለሰልስ ይንኩት እትዬ" እያሉ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ሌላው ከላም ቆዳም ቢሆን የትኛው ሽፋን ነው የሚለው አለ። አንድ ወፍራም ቆዳ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የላይኛው ጸጉር የነበረበት ፊት ነው ጥንካሬው ያለው፣ የታችኛው ስፕሊት የሚባለው ክሩ ላላ ያለ ነው፣ ላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶና ቅርጽ ታትሞበት እንደ ላይኛው ይሸጣል። በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ፊቱ ያልተነካ ቆዳ ከጣታችሁ ዙሪያ ደቃቅ መስመር ያወጣል፣ በቅብ የታፈነው ግን ዝም ይላል ወይ አንድ ትልቅ እጥፋት ይሰራል። የእሾህ ጭረት ወይ የድሮ ጠባሳ ብታዩ አትደንግጡ፣ ከብቱ ሜዳ ላይ የኖረ ነው ማለት ነው። የሚያስፈራው በጀርባው በኩል ያለ የቢላ ጭረት ነው፣ ሲገፈፍ ቢላ የገባበት ቦታ ግማሽ ውፍረት ነው የሚቀረው፣ መሃል መቀመጫው ላይ ከዋለ ከዛ ነው የሚቀደደው። አልባሹ ቆዳውን ሳይቆርጥ በፊት ገልብጣችሁ እዩ፣ አያፍርባችሁም።

ስፖንጅ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቆዳው አንደኛ ሆኖ ስፖንጁ ቀላል ከሆነ በጥቂት ወር መሃሉ ይሰምጣል፣ ቆዳው ይላላል፣ ከዛ ይሸበሸባል፣ ሰው ቆዳውን ይሰድባል። ለመቀመጫ በሜትር ኩብ 30 ኪሎና ከዛ በላይ የሆነ ፈልጉ። ለመፈተን ሚዛን ላይ ማውጣት ነው፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ 5 ሳንቲም የሚወፍር ስፖንጅ 3 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት፣ አንድ ኪሎ ተኩል ከመጣ ለትራስ ይሁን። ከስሩ ኮምፔንሳቶ ካለ ደግሞ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ይበሳበት፣ አለበለዚያ በተቀመጣችሁ ቁጥር አየሩ መውጫ ሲያጣ ስፌቱን ነው የሚገፋው። ክሩ ናይለን ወይ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ክር ላብና እርጥበት ያበሰብሰዋል። ስፌቱ 3 ወይ 4 ሚሊሜትር እየተራመደ ይሂድ፣ "ደቅቅ አርገህ ስፋልኝ" የሚል ደንበኛ አለ ለጥንካሬ መስሎት፣ ቀዳዳው ሲቀራረብ ግን ቆዳው በዛው መስመር ተቀዶ ይሄዳል፣ ጨርቅ አይደለምና የተበሳው አይገጥምም።

ሶስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ስፖንጅ የሌለው፣ ሁለት እንጨት መሃል የተወጠረ ወፍራም ቆዳ። እዚህ ቆዳው ራሱ ነው ተሸካሚ፣ ስለዚህ ህጉ ሁሉ ይገለበጣል። ውፍረቱ 3 ወይ 4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ የቀበቶና የኮርቻ አይነት፣ ሲለፋ ደግሞ በክሮም ሳይሆን ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣው ማልፊያ፣ በታኒን፣ ቢሆን ይመረጣል። ክሮም በአንድ ቀን ገደማ ቆዳውን ይጨርሰዋል፣ የቅርፊቱ ሳምንታት አንዳንዴ ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ለዛ ነው የሚወደደው፣ ግን ጠጠር ያለ ነው፣ ቅርጹን ይይዛል፣ በመጠቀም ብዛት እየጠቆረ እየወዛ ሲሄድ ያምራል እንጂ አያረጅም። ከቆዳው ውስጥም ከጀርባው በኩል ያለው ይቆረጥ፣ አከርካሪውን ተከትሎ፣ ምክንያቱም በዛ አቅጣጫ መለጠጡ ትንሽ ነው። የሆድ ቆዳ ላላ ነው፣ ለዚህ ስራ ከዋለ በጥቂት ጊዜ እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል።

እንዲህም ሆኖ ማንኛውም ቆዳ ትንሽ ይለጠጣል፣ ጥሩ ዲዛይን ማለት ይሄን ቀድሞ ያሰበ ነው። ዴንማርካዊው ቦርገ ሞገንሰን እ.ኤ.አ. በ1958 የሰራው "ስፓኒሽ ቼር" የሚባለው ወንበር ከመቀመጫው ስርና ከጀርባው የቀበቶ ዘለበት አለው፣ ቆዳው ሲላላ አንድ ቀዳዳ ታጠብቃላችሁ፣ በቃ። ይሄን የሚከለክል ነገር እዚህ የለም፣ ዘለበት መርካቶ ሞልቷል፣ ስታሰሩ "በዘለበት ይሁንልኝ" በሉ፣ በሚስማር ተመትቶ የቀረ ግን ሲላላ መንቀል ነው። ስለ ሚስማር ካነሳን፣ በቅርፊት የለፋ ቆዳ ላይ ተራ ብረት ሚስማር ከገባ ታኒኑ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና በሚስማሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ ይወጣል፣ በተለይ ቆዳው እርጥብ ሆኖ ከተመታ በማግስቱ ታዩታላችሁ፣ አይለቅም። ናስ ይጠቀሙ። እንጨቱም ዋንዛ ወይ ሌላ ጠንካራ ነገር ይሁን፣ ሁለቱ የጎን እንጨቶች ሰው በተቀመጠ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ስለዚህ መሃላቸው የሚደግፍ ማገር ከሌለ ቆዳው ደህና ሆኖ መጋጠሚያው ይከፈታል። ኤምዲኤፍ ለዚህ አይታሰብም።

ጠፍር አራተኛው ነው፣ የአባቶቻችን፣ በአልጋውም በወንበሩም የምናውቀው። ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ዙሪያውን እየዞሩ አንድ ረጅም ጠፍር ያወጡለታል፣ እርጥብ እንዳለ ይጠፈራል፣ ሲደርቅ ራሱ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጎበዝ ሰሪ ሲጠፍር እስከመጨረሻው አይጎትተውም፣ ለመኮማተሩ ቦታ ይተውለታል፣ ካልሆነ ሲደርቅ እንጨቱን ይሰብራል። አየር ያስገባል፣ አያልብም፣ አንድ መስመር ቢበጠስ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ዋጋውም ከለፋ ቆዳ በብዙ ይቀንሳል። ጠላቱ ውሃ ነው። ዝናብ ካገኘው እንደገና ይለሰልሳል፣ ይረግባል፣ ይሸታል፣ እዚያው እርጥብ እያለ ከተቀመጡበት ተለጥጦ ይቀራል። ደጅ ማሳደርም አይሆንም፣ ውሻ ያኝከዋል፣ እንጦጦ ጀርባና ሱሉልታ በኩል ደግሞ ማታ ማታ የሚዞረው ጅብ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ለአዛውንት ግን ከሚሰምጥ ስፖንጅ ይልቅ ጠፍር ላይ ስስ ፍራሽ ወይ አጎዛ ጣል አድርጎ መቀመጥ ለመነሳት በጣም ይቀላል፣ ይሄን ለእናቶቻችን ወንበር ስትገዙ አስቡት።

እንግዲህ የት ለምን ካላችሁ፦ በየቀኑ ሶስቴ ለሚቀመጡበት የምግብ ጠረጴዛ ስፖንጅ ላይ የለበሰ የላም ቆዳ፣ መቀመጫው ከስር በብሎን ተፈትቶ የሚወጣ። በማስቲሽና በሚስማር ከወንበሩ ጋር አንድ የሆነውን አትግዙ፣ መቀመጫው የሚፈታ ከሆነ ከዓመታት በኋላ መቀመጫውን ብቻ ይዞ አልባሽ ጋ መሄድ ነው። ለሳሎን አንድ ሁለት የማረፊያ ወንበር ከፈለጋችሁና አቅሙ ካለ የተወጠረው ወፍራም ቆዳ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጥርጥር የለኝም። ለበረንዳ ጣሪያው በደንብ ከሸፈነ ጠፍር፣ ዝናብ የሚገርፈው በረንዳ ከሆነ ቆዳ ነገር አታስቡ፣ ብረትና እንጨት ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ቀለሙ ላዩ ላይ በደንብ የተቀባ ያለቀለት ቆዳ ይሻላል፣ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት የማይመጠው ማለት ነው፣ ወጥ ቢፈስበት ይጠረጋል። ላዩ ላይ ቅብ የሌለው ቆዳ ያምራል ግን ዘይት ጠጥቶ ይቀራል።

ዋጋ ላይ ቁጥር አልጽፍም፣ በየጊዜው ስለሚቀያየር። ሂሳቡን ግን ራሳችሁ ስሩት። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፣ ይሄ ማለት ወደ 30 ተኩል ሳንቲም በ30 ተኩል ሳንቲም። 45 በ45 የሆነ መቀመጫ ከነመታጠፊያው 60 በ60 ይፈልጋል፣ ይሄ 4 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው፣ ለስድስት ወንበር 24፣ ጠባሳና ጠርዝ የሚጣለውን ጨምሩና ወደ 30 ቁጠሩ። የእኛ አገር ከብት ቆዳ ትንሽ ስለሆነ አንድ ቆዳ ለስድስቱ ላይበቃ ይችላል፣ ሁለቱን ቆዳ አንድ ቀን ከአንድ ቦታ ግዙ፣ በሌላ ጊዜ የተቀለመው ተመሳሳይ ቀለም ቢባልም ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይለያል። በዚህ ሂሳብ የቆዳውን ዋጋ ካወቃችሁ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይታያችኋል፣ ድርድሩም በዛው ልክ ይሆናል።

አያያዙ ላይ ክረምቱን ልብ በሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የቆየ ቆዳ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፣ በደረቅ ጨርቅ ደጅ ጠርጋችሁ፣ ትንሽ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ በተጨመቀ ጨርቅ አብሱትና ጥላ ላይ ይድረቅ። ጸሐይ ላይ አታስጡት፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በረኪናና ኦሞ አይነካው። በበጋ ደግሞ ኮዬና ቱሉ ዲምቱ በኩል የሚነሳው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ላዩ ላይ እያለ ሲቀመጡበት ቅቡን ይፈቀፍቀዋል፣ ስለዚህ መጥረግ ማለት ለውበት ብቻ አይደለም። በቅርፊት የለፋውን በዓመት አንዴ ሁለቴ የንብ ሰም ያለበት የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት፣ የምግብ ቅቤና ዘይት ግን አይሆንም፣ ይቆይና ይሸታል።

ስታዙ ደረሰኙ ላይ ወይ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ፦ የምን ከብት ቆዳ፣ የላይኛው ፊት ነው ወይስ ስፕሊት፣ ስንት ሚሊሜትር፣ የስፖንጁ ክብደት፣ መቀመጫው የሚፈታ መሆኑ። "እሺ ወንድሜ ይሄን ሁሉ ጻፍልኝ" ስትሉት ፊቱ ከተቀየረ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ፣ ስራውን የሚያውቅ ሰው ደስ ብሎት ነው የሚጽፈው። ሲጨርስ የተረፈውን ቁራጭም ተቀበሉ፣ ከዛው ቆዳ ከዛው ቀለም ስለሆነ ድመት አንዱን ጥግ ስትቧጭረው መጠገኛው እሱ ነው።